የእማዬ ቅቤ እና የሐምሌው ጥብስ

ከመካነ ሰላም የወጣሁበትን ዋዜማ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ጥቅምት ነበር፤ እማዬ ከምድጃው ሥር ቁጭ ብላ ቅቤ ታነጥር ነበር። ኮሰረቱን በመዳፏ አሸት አድርጋ ታሸተዋለች፣ ኮረሪማውን ትወቅጣለች፣ ድስቱን አንዴ ታማስልና ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። ቅቤ ሲበስል ድምፁ ይለወጣል ትል ነበር። እኔ ደግሞ ሻንጣዬ ላይ ነበርኩ፤ አንድ እጄ ልብስ ያጥፋል፣ አንድ እጄ ስልክ ይነካካል።

«የሻረግ፣ ነይ እዪ እስቲ» አለችኝ። «ሰው አገር ማን ያነጥርልሻል?»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው እማዬ። ስመለስ ታሳዪኛለሽ።»

ማማሰሏን ቀጠለች። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ገብተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቄስ ናቸው፤ ሲከፋቸው ዳዊት ያወጣሉ እንጂ አይናገሩም። ያን ምሽት ዳዊቱን አውጥተው አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ።

ሊነጋጋ ሲል አውቶቡሱ ተነሳ። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ጣቴን አደነዘዘው። እማዬ ቅቤውን ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ አድርጋ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቁራጭ አስራ ሰጥታኝ ነበርና እሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሞቅሁበት። እስከ ዓረብ አገሩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ከእጄ አልወጣም። እዚያ ግን ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ወጣት አስፈታኝ። አጠገቤ የቆመች፣ ለሁለተኛ ጊዜ የምትመለስ የከሚሴ ልጅ አስተረጎመችልኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅቤ።»

«የጸጉር ነው የምግብ?»

«የምግብ።»

ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። «እንዲህ የሚሸት ነገር የጸጉር ነው እንጂ የምግብ አይሆንም።»

«እሺ፣ የጸጉር ይሁን» አልኩ።

«የጸጉር ከሆነ ቅባት ነው፣ በእጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የምግብ ከሆነ የወተት ውጤት ነው፣ እሱም ክልክል ነው።» ካለ በኋላ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ነጠላውን ግን መለሰልኝ። ጥሩ ሰው ነበር ማለት ነው።

በዚያ አገር በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሠራሁ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሄዳችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላያችሁ ደግሞ ባትሰሙት ይሻላችኋል። ፓስፖርቴ እመቤቲቱ ጋ ነበር። አንድ በጋ የባልየው እናት ለሕክምና ወደ ጀርመን ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። በስድስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቁርስ ሲወርዱ፣ ከሆቴሉ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት አገኘሁና በእጄ ምልክት ጠየቅኋት። እጄን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ አደረሰችኝ። ከየት አገር እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

የስደተኞች ቢሮ ውስጥ የጠየቀኝ ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነበር። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ከሆቴሉ ለምን ወጣሽ?»

«በሩ ክፍት ስለነበር።»

«ለምን አልተመለስሽም?»

«ሊዘጋ ስለሚችል።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተረጎመ። ሰውዬው ጻፈ። ከዚያ መካነ ሰላም የት እንደሆነች በኮምፒዩተሩ ፈልጎ አገኛት፤ አጉልቶ አሳየኝና ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። የሰላም ቦታ ማለት ነው አልኩት። እሱንም ጻፈው። ከስምንት ወር በኋላ የመጣው ደብዳቤ የተከለከልኩበትን ምክንያት በሦስት ገጽ ይዘረዝራል፤ አስተርጓሚው አንብቦ ሲጨርስ «በስሟ ነው የጣሉሽ መሰለኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

ከተከለከልኩ በኋላ የሰጡኝ ወረቀት ዱልዱንግ ይባላል። መታገሥ ማለት ነው። አገሩ ታግሦኛል። ሥራ መሥራት እችላለሁ፣ ከአገር ግን ከወጣሁ መመለስ የለም። በየስድስት ወሩ ሄጄ ትዕግሥታቸውን አሳድሳለሁ።

በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የጽዳት ሥራ አገኘሁ፤ የስደተኞቹን ካምፕ ለቅቄ የምከራየው ክፍል ስፈልግ ደግሞ ኡልሪሽ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። በር ላይ አቁመው ጠየቁኝ።

«ምግብ ታበስያለሽ?»

«አዎ።»

«ይሸታል?»

ምን ልበላቸው? የማይሸት ምግብ ምን ያደርጋል? «ትንሽ» አልኩ።

«ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ ሽንኩርት ይጠብስ ነበር። መጋረጃዬን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። እዚህ ቤት ሽንኩርት አይጠበስም። ነጭ ሽንኩርትማ አይነሳም። ከዚያ ውጭ ነፃ ነሽ።»

ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ያልነካው ወጥ በላሁ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ሥርዓት የሚወዱ ናቸው። ከከተማው ዳር፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን፣ እንደ ጉሊት በየመደቡ የተከፋፈለ የጓሮ መሬት አለ። ጋርተን ይሉታል። እያንዳንዱ ሰው ቁራሽ መሬቱንና የእንጨት ጎጆውን ይዟል። የኡልሪሽ ጉልበት ሲደክም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬአቸው እየሄድኩ መኮትኮት ጀመርኩ። አፈሩን በእጄ ስይዝ ያረፍኩትን ያህል በዚህ አገር የትም አርፌ አላውቅም።

ሐምሌ እዚህ በጋ ነው። ይሄን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እኛ ዘንድ በሐምሌ ጉሙ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ጭቃው ጫማ ይዞ ሲያስቀር፣ እዚህ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ፀሐይ ይሞቃል። ዙኪኒ የሚሉት ዱባ መሰል ነገር በአንድ ሌሊት ክንድ አክሎ ያድራል። ቃሪያው እንደ ቡጢ ትልቅ ነው፣ አያቃጥልም፤ ፓፕሪካ ይሉታል። ኦበርዢነ የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ደግሞ አለ፤ አዲስ አበባ ደበርጃን ይሉታል፣ እኔ አገሬ ሳለሁ አይቼው አላውቅም። ይሄን ሁሉ ኡልሪሽ በቁመቱ ሰንጥቀው ከሰል ላይ ይጠብሱታል። በሰኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ገረመኝ። እኛ ከእሳት ላይ የምንጥለው የበቆሎ እሸት ወይ ድንች ነው፤ ጎመን መሰል ነገር ማን ይጠብሳል? ላዩ ላይ ደግሞ ክሮይተርቡተር ያኖሩበታል፤ ቅጠላ ቅጠል ተከትፎ የገባበት ቅቤ ነው። ቀልጦ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል አንድ ነገር ሸተተኝና ቀና አልኩ። የእማዬ ቅቤ አልነበረም። ግን ቅቤና ቅጠል ነው፤ እሳት ላይ ነው። ያን ዕለት ስልክ ደወልኩ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ከመጋቢት ወዲህ የእማዬን ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ስደውል አባባ ያነሳሉ። «ጸበል ሄዳለች» ይሉኛል። ሆዷን ሲያማት እንደቆየ አውቃለሁ፤ አመንኩ። በፋሲካ ደወልኩ፤ «ሱባኤ ይዛለች» አሉኝ።

«በፋሲካ ሱባኤ አለ እንዴ አባባ?»

ታናሽ እህቴ ስንታየሁ ስልኩን ተቀብላ «እዚያ ስልክ አያስገቡም እኮ፤ ስትመለስ እናገናኝሻለን» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አውቅ ነበር መሰለኝ። ሆዴ ያውቅ ነበር። ግን ማወቅና መጠየቅ ለየብቻ ናቸው፤ እኔ አልጠየቅሁም።

ያን ቀን ለስንታየሁ «እማዬን የቅቤው ኮሰረት ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራሁ።

«እጠይቃትና እነግርሻለሁ» አለች።

በማግሥቱ በድምፅ ላከችልኝ። ኮሰረት ሁለት ጭብጥ፣ ኮረሪማ ከሁሉ በፊት፣ በሶብላ በመጨረሻ፣ እርድ ለቀለም ያህል ብቻ፣ አብሹ ተቆልቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እሳቱ ሳይበረታ። እያንዳንዱን ከተናገረች በኋላ ትንሽ ቆም ብላ በአፍንጫዋ አየር ትስባለች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሰሞን ነው እትዬ ሐሊማ የደወለችልኝ። የማላውቃት ሴት፣ በወሎ ቅላጼ፦ «መርሀባ የኔ እህት፣ ሐሊማ እባላለሁ፣ የአቀስታ ነኝ። እዚህ ቅርብ የቦረና፣ የመካነ ሰላም ልጅ አለች ሲሉኝ አላስቻለኝም።» በማግሥቱ በባቡር መጣች። አንቱ ስላት ተቆጣችኝ። ከዚያ በየሳምንቱ መጣች፣ ጸጉሬን ሠራችኝ፣ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብላ ስለ አቀስታ ብርድ አወራችኝ። ኮሰረትና ኮረሪማውን ከትልቁ ከተማ የሐበሻ ሱቅ ገዝታ ያመጣችልኝም እሷ ናት። አንዳንዴ ወሬያችን መሐል ዓይኗ እንባ ያቀራል። ለአገሯ ነው እል ነበር።

የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ተፈታ፤ ፍልሰታ እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሐሊማ «በመጪው እሑድ ከጥቂት የአገር ሰዎች ጋር ልንጠይቅሽ ነው» ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። በቤት ሽንኩርት የተከለከለች ሴት እንግዳ ልትቀበል! ኡልሪሽን ለመንኳቸው። አሰቡና «በጋርተኑ አድርጊው፤ እዚያ መጋረጃ የለም» አሉኝ።

ቅዳሜ ቅቤውን ከጎጆው ደጅ፣ በከሰል ላይ አነጠርኩት። የሱፐርማርኬት ቅቤ ነው፤ ሽታ የለው፣ ሣር የለው። ኮሰረቱ ሲገባ ግን ተለወጠ። ኡልሪሽ ውኃ ማጠጣታቸውን አቁመው መጥተው ተቀመጡ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥኩ፤ እውነትም ድምፁ ይለወጣል። ሲንጫጫ ቆይቶ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ።

«ይሄ ቅቤ አይደለም» አሉ ኡልሪሽ።

ለምን አትክልት ትሉኝ ይሆናል። ወሎ ያደገ ይገባዋል። ሥጋ ብጠብስ ሐሊማ አትበላም፣ የእሷ ሥጋ ቢመጣ ደግሞ እኔ አልበላም። ዙኪኒና ቃሪያ ግን የማንም እርድ አይደለም፤ ሁላችንንም ከአንድ ትሪ ያስበላል።

እሑድ ስድስት ሰዓት አካባቢ መጡ። ሐሊማ፣ መኪናውን የነዱት ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጥቁር ይለብሳል፤ ምንም አልመሰለኝም። ዙኪኒውን፣ ኦበርዢነውን፣ ፓፕሪካውን፣ ሽንኩርቱን በሙሉ ከነልጣጩ ከሰሉ ላይ ደረደርኩ። ጠርዙ ሲጠቁር አነሳሁት፤ ትኩሱን ቅቤ በማንኪያ አፈሰስኩበት። እኔ አወራለሁ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኡልሪሽ መጋረጃ። እነሱ ፈገግ ይላሉ፣ አንድ አንድ ይቆርሳሉ።

«ብሉ እንጂ፤ አልጣማችሁም?»

«ጣፍጧል ልጄ» አሉ ጋሽ ተፈራ። ቁራሹ ግን እጃቸው ላይ ነበር።

ሐሊማ እያጎረሰች ታስበላኛለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ጨምሪ፣ ብዪ፣ ላንቺም ይድረስሽ» ትላለች። አራተኛውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ፊቷን አየሁት። ከዚያ ከኋላዋ ያለችውን ሴት። ሴትየዋ ከቦርሳዋ ጥቁር ነጠላ እያወጣች ነበር።

«እትዬ» አልኳት ሐሊማን።

«የሻረግዬ፣ እናትሽ አርፈዋል።»

ያን ጉርሻ ዋጥኩት ወይስ ተፋሁት፣ አላስታውስም። መሬት ላይ መሆኔን ነው የማስታውሰው፤ የቲማቲሙን መደገፊያ እንጨት ሰብሬ ወድቄ ነበር። ሴቶቹ ያዙኝ። ደረት መምታት፣ ስሟን መጥራት፣ ያ በአገራችን ሠፈር ሁሉ የሚያግዝበት ለቅሶ፣ በአምስት ሰው ድምፅ ጀርመን አገር የአበባ አጥር መሐል ወጣ።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ብቅ አለ። ትንሽ ጀርመንኛ እሰማለሁና ሰማሁት።

«እሑድ የጸጥታ ቀን ነው» አላቸው ኡልሪሽን። «ደንቡ ላይ አለ።»

«እናቷ ሞታባት ነው» አሉ ኡልሪሽ፤ ጋሽ ተፈራ ነግረዋቸው ነበር።

«አዝናለሁ። ዛሬ?»

ኡልሪሽ ጋሽ ተፈራን ጠየቁ። «ከአራት ወር በፊት» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ሰውዬው ግራ ገባው። «ታዲያ ለምን ዛሬ ትጮኻለች?»

ኡልሪሽ ወደ ጎጆው ገብተው ወንበር አመጡና አጥሩ ሥር፣ ጀርባቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ተቀመጡ። ሰውዬው ሄደ።

ጩኸቴ ሲደክም ሐሊማን እንዲህ አልኳት፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። «ለዚህ ነው የፈለግሽኝ? ለመርዶ ነው ጸጉሬን የሠራሽው?»

«መጀመሪያ ለዚያ ነበር፣ ወላሂ አልዋሽሽም» አለችኝ። «አባትሽ አቀስታ ድረስ ሄደው ሰው ሲያጠያይቁ የእኔ ወንድም ጋ ደረሱ። በአንድ ሳምንት ልነግርሽ ነበር። ወደድኩሽና አቃተኝ። አብሽሪ የኔ እህት፣ አብሽሪ።»

በመጋቢት ነው የሞተችው፣ በጾም። አርባዋ የወጣ ቀን ምን እሠራ ነበር ብዬ ስልኬን ከፍቼ አየሁ። በዚያ ቀን ለስንታየሁ ያበበ ዛፍ ፎቶ ልኬላታለሁ። «ለእማዬ አሳዪያት» ይላል ከሥሩ። ስንታየሁ «እሺ» ብላ መልሳለች።

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐዩ ገና ሳይወርድ፣ ሐሊማ ስልኩን ደውላ በእጄ አስያዘችኝ። መጀመሪያ ስንታየሁ ነበረች፤ መናገር አልቻለችም። የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቅቤውን ማንንም አልጠየቅኩም። የቀረውን ድስት እያሸተትኩ ነው የነገርኩሽ። ተሳስቼ ይሆናል።»

አልተሳሳትሽም አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ተሳስታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከዚያ አባባ ተቀበሉ። ከቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ይሰማኛል። የመካነ ሰላም የሐምሌ ዝናብ ድምፃቸውን አንዳንዴ ይውጠዋል።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ አባባ። ለምን ደበቁኝ?»

«ብቻሽን ነሽ። ብቻሽን ባለሽበት ክፍል በስልክ ብነግርሽ ማን ያነሳሻል? ሰው ስፈልግልሽ ነው የቆየሁት። ከመጋቢት ወዲህ አልቀደስኩም። ለልጄ ዋሽቼ እንዴት መቅደስ እገባለሁ? ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድስ። ካህናቱ ምን ሆንክ ሲሉኝ ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው። እሱም ሌላ ውሸት ሆነ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣ። አለቀስኩ፣ እሳቸውም እዚያ አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እማዬ ምን ብላ ሞተች ብዬ ጠየቅኋቸው። ስሜን ጠርታ እንደሆነ ፈራሁ፣ ሳትጠራኝም እንደሆነ ፈራሁ። «ውኃ አምጡልኝ አለች» አሉኝ። «አመጣንላት። ጠጣች።» ከዚያ በላይ አልነገሩኝም። ደስ ሊያሰኙኝ ሌላ ነገር አለመጨመራቸውን አስተዋልኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሊዋሹኝ እንደማይፈልጉ ገባኝ።

ወረቀቴን አያውቁም። ዱልዱንግ ምን እንደሆነ ነግሬአቸው አላውቅም፤ ሥራ አለኝ፣ ደኅና ነኝ፣ ክፍሌ ሰፊ ነው ብያቸዋለሁ። ሐሊማ አጠገቤ ቆማ ከሰሉ ላይ ውኃ ስታፈስ ጭሱ ወደ እኛ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም፤ ስንታየሁም አንድ ቀን አግብታ ትሄዳለች። እሳቸው በዚያ ቤት ብቻቸውን ይቀራሉ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ።

ዝናቡን አዳመጥኩት።

«በቅርቡ አባባ» አልኩ። «ወረቀቱን እየጨረስኩ ነው። ለመስቀል ባይደርስ ለጥምቀት።»

ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «እሺ ልጄ፣ ለጥምቀት» አሉኝ። ስልኩን ግን አልዘጉትም፤ እኔም አልዘጋሁትም።